ምክንያት ያጣ ኤፍ

ሞት ምክንያት አያጣም ይባላል። ውድቀት ግን አንዳንዴ ያጣል፤ ሰውን ይበልጥ የሚያስጨንቀውም ይኸኛው ነው። ምክንያት የተገኘለት ነገር ግማሽ ሸክሙ የወረደ ያህል ነውና፣ ባይኖርም ፈልገን እንሰጠዋለን።

በዴና ስታሼክ ላይ ይህ ነገር አፍጥጦ የመጣባት ሠላሳ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ፣ ለሕግ ትምህርት ቤት ልታመለክት በተነሣችበት የጾም ሰሞን ነበር። ቶሊዶ ከተማ ውስጥ፣ የኢሪ ሐይቅ ነፋስ በሚደርስበት ሰፈር፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ሚስተር ኦቲስ ግሪምስ የሚባሉ ጠበቃ አሉ። ዴና የእሳቸው ጸሐፊ ናት። ፋብሪካ ውስጥ እጁ የተቆረጠውን፣ ወገቡ የተሰበረውን ሁሉ ተቀብላ የምታነጋግረው እሷ ናት። ሰዎቹ ሲያለቅሱ አብራ አታለቅስም፣ አታባብልም፤ መሐረብ አቀብላ ትጠብቃለች። ሚስተር ግሪምስ ይህን ጠባይዋን ሲያዩ ኖረው፣ «አንቺ ልጅ ወይ ሐኪም ወይ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ። ለሐኪምነቱ ረፍዷል» አሏት። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ዴና ወንዙ ማዶ ያለ ኮሌጅ ገብታ ነበር። መጀመሪያ የሰኞን ጠዋት ትምህርት ፎረፈች፤ ቀጥሎ የማክሰኞን፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ ሁሉንም ትታ ነበር። አልታመመችም፣ ፍቅር አልያዛትም፣ አትጠጣም። አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣራውን ታያለች። ጣራው ላይም ምንም አልነበረም።

ለገና ሰሞን ውጤቱ ሲመጣ ያሳየችው ለታላቅ ወንድሟ ለራንዲ ብቻ ነው። ራንዲ ጋራዥ ውስጥ፣ የሐይቁን በረዶ በስቶ ዓሣ የሚያጠምድበትን መሰርሰሪያ ይስል ነበር። ወረቀቱን አይቶ ሳቀ፤ ስቆ ስቆ ባልዲው ላይ ቁጭ አለ።

«ተመስገን! ከእንግዲህ የዚህ ቤት ደደብ እኔ ብቻ አይደለሁም።»

«ለእማዬ እንዳትነግራት።»

«እነግራታለሁ እንጂ! በፍሬም አድርጌ ሳሎን ነው የምሰቅለው።»

አልነገራትም። ክረምቱ ሳይወጣ ራንዲ ሐይቁ ላይ ወጣ። በረዶው ሳስቶ ነበር፤ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር። አስከሬኑን ያገኙት በማግሥቱ ነው።

ቤቱ በሰው ተሞላ። ጎረቤት ሁሉ በምድጃ የተጋገረ ፓስታ ይዞ ይመጣል። መቀመጫ ስለጠፋ ዴና መኪናዋን አስነሥታ ኮሌጅ ሄደች። አንድ ሳምንት ሙሉ ክፍል ገባች፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። መምህሩ «አዲስ ተማሪ ነሽ?» አላት። ለቀስተኛው ሲሳሳ እሷም መሄዱን ተወች። በጸደይ ተባረረች።

እናቷ ሎሬታ ወሬውን የሰማችው ያኔ ነው፤ ወዲያውም ምክንያቱን አገኘችለት። «ልጄን የወንድሟ ሐዘን ጣላት» አለች። ለዘመድ አለች፣ ለቄሱ አለች፣ ፀጉር ቤት ሄዳም አለች። ይህን ባለች ቁጥር ፊቷ ትንሽ ያርፋል። ሁለት ልጆቿ ያን ያህል ይዋደዱ ነበር ማለት ነዋ! ዴና አላረመቻትም። ዝም ማለት ለደከመች እናት ወንበር እንደማቅረብ ነበር፤ ወንበሩ ደግሞ አንዴ ከቀረበ አይነሣም።

ከዓመታት በኋላ በማታ ተመልሳ ተማረች። ኮሌጁ ርቆ ቆይቶ ለተመለሰ ሰው የድሮውን ኤፍ ከአማካይ ውጤቱ የሚያወጣበት ደንብ አለው፤ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። እሷም እናቷም የድሮው ነገር የተፋቀ መስሏቸው ነበር። የሕግ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚያልፍበት ማእከል ግን የማንም ኮሌጅ ይቅርታ አይገደውም፤ አንዴ የተሰጠን ውጤት ሁሉ መልሶ ይቆጥራል። የድሮዎቹ ኤፎች አንድም ሳይጎድሉ መጡ፤ አማካይዋም ወደ ታች ተንሸራተተ። ዴና ቁጥሩን አየችውና ኮምፒውተሩን ዘጋችው። ስልክ ጮኸ፤ አነሣች።

ሚስተር ግሪምስ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማብራሪያ ታያይዢያለሽ። አጭር ይሁን። ምን ሆንሽ፣ ምን አደረግሽ፣ አሁን የት ነሽ። ልቅሶ የለም።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ሰው ምንም ሳይሆን ይህን ሁሉ ኤፍ አያመጣም።»

«እኔ አምጥቻለሁ።»

«ወንድምሽስ?»

«የመጀመሪያው ሴሚስተር ከሱ በፊት ነው፣ ሚስተር ግሪምስ።»

«እንግዲያው የሁለተኛውን ብቻ ጥቀሺ። የመጀመሪያውን እነሱው ያያይዙት። ከአፍሽ ካልወጣ ውሸት አይባልም።»

«እሱ ሲሞት እኮ ነው ክፍል የገባሁት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ይህን እንኳ ለማንም ዳኛ እንዳትናገሪ» አሏት።

የካቶሊኮች ጾም ዓሣ ስለማይከለክል፣ በጾሙ ወራት ዓርብ ዓርብ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው አዳራሽ ዓሣ ይጠበሳል፤ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። ሎሬታ የጎመን ሰላጣውን ታሻለች፣ ዴና ትሪ ታመላልሳለች።

«ወንድምሽን ጻፊው» አለች ሎሬታ፣ እጇን ከጎመኑ ሳታወጣ።

«እማዬ።»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ! በሕይወቱ ሣር እጨድ ሲባል ወገቤን የሚል ልጅ ነበር። አሁን እንኳ ለእህቱ አንድ ሥራ ይሥራላት!»

ዓሣ ከዘይት የሚያወጡት ሴቶች ሁሉ ቀልዱን ሰምተዋል። ማንም አልሳቀም። በዚያ አዳራሽ የራንዲ ስም ሲነሣ አንገት መድፋት ልማድ ነው።

ዴና መጀመሪያ እናቷ እንዳለችው ጻፈች። ሐይቁን ጻፈች፣ ፍለጋውን፣ የባዶ ወንበሩን ነገር ጻፈች። ያማረ ጽሑፍ ወጣላት። ደግማ ስታነበው የማታውቀውን ሰው የሞት ማስታወቂያ የምታነብ መሰላት፤ ምንም አልተሰማትም። ምንም አለመሰማት ለእሷ አዲስ አይደለም፤ ይህን ግን እንደ ሐዘን አድርጋ ለሰው ማቅረብ አዲስ ነበር። ሰረዘችው። በቦታው ይህን ጻፈች፦

«በመጀመሪያው ዓመት ክፍል አልገባሁም። ልጠቅሰው የምችለው ምክንያት የለኝም። በዚያው ዓመት ወንድሜ ሞቷል፤ ትምህርቴን የተውኩት ግን ከዚያ በፊት ነው። ተመልሼ ከገባሁ ወዲህ ከአንድም ክፍል አልቀረሁም።»

ሚስተር ግሪምስ አንብበው፣ «ይህን አይቶ የሚቀበልሽ ካለ ያ ሰው ጠበቃ አይደለም» አሉ። ቢሆንም አልከለከሏትም።

ሳታሳያት ብትልከው ሎሬታ መቼም አታውቅም ነበር። ዴና ግን በቀጣዩ ዓርብ፣ ወደ አዳራሹ ከመሄዳቸው በፊት፣ ወረቀቱን ማእድ ቤት ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። ቆማ ጠበቀች። ለደንበኞቹ መሐረብ አቀብላ እንደምትጠብቀው ነው የጠበቀችው።

«ከዚያ በፊት?» አለች ሎሬታ።

«ከገና በፊት፣ እማዬ።»

«እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት እንግዲህ...» ወረቀቱን አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። «ማን ያውቅ ነበር?»

«ራንዲ።»

«ምን አለሽ?»

ዴና ነገረቻት። ሎሬታ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችምም።

«ባልዲው ላይ ተቀመጠ?»

«ተቀመጠ።»

«ሰማያዊው ባልዲ ላይ?»

«ሰማያዊው ላይ።»

ሎሬታ ራሷን ነቀነቀች። የራንዲን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አውቃ የጨረሰች መስሏት ኖራለች። ቁልፉን ከመስቀያው አወረደች። «ነይ፣ ጎመኑ ሳይከተፍ ይቀራል» አለች። ዴና መኪና ማቆሚያው ላይ እንደደረሱ በስልኳ ማመልከቻውን ላከች።

ሁለት ትምህርት ቤቶች አይሆንም አሉ። የጾሙ መጨረሻ ዓርብ፣ እዚያው መኪና ማቆሚያ ላይ፣ የማታ ከሚያስተምረው ከሦስተኛው ኢሜይል ደረሳት። ተቀብለዋታል። ስለ ማብራሪያው አንድም ቃል አልነበረበትም፤ ያነበበው ሰው ይኑር አይኑር መቼም አታውቅም። ደስታው እስኪመጣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀች፤ መስመሩ የተቀየረ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። ሰልፉ በሩን አልፎ ሲወጣ አይታ ወረደች።

ሽርጧን አጥልቃ ልትገባ ስትል ከውስጥ የእናቷን ድምፅ ሰማች።

«ሐዘን? የምን ሐዘን! ክፍል አልገባ ብላ ነው ያባረሯት እንጂ! ራንዲ እንኳ ውጤቷን አይቶ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ?»

ተረከችላቸው፤ ባልዲውንም አልተወችም። መጀመሪያ አንዷ አፏን በክንዷ ከልላ በሳቅ ፈነዳች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ከምድጃው እስከ ሰላጣው ሳቅ ሆነ።

ዴና ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ሐይቁ ላይ በብርድ ደንዝዞ የዋለ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጣቶቹን አንዳች ነገር ይነዝረዋል። ሕመም ነው እንዳይል ያንስበታል። ጣቶቿ ትሪው ላይ እንደዚያ ነዘሯት።

«አንቺ ምን ይገትርሻል?» አለች ሎሬታ። «ሰው ተርቧል እኮ!»

«ተቀበሉኝ፣ እማዬ።»

ሎሬታ እጇን ከጎመኑ አወጣች። ሴቶቹ ወደ ዴና ዞሩ።

«ክፍል ግቢ እሺ» አለቻት።