ዋሻውን ማን ሠራው

የዋሻዋ ማርያም ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጀመረው ከፈረንጁ አባ ነው። እኔ ግን ከእናቴ እጅ እጀምራለሁ። ደስ ያላለው ይተወው፤ የአባን ታሪክ የሚነግረው ሰው አያጣም።

እናቴን ሥጋ ደዌ የያዛት ገና ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ከድሬ ጠያራ በኩል ካለ መንደር በአህያ ጭኖ አመጣትና ከሐረር ወጣ ብሎ የነበረው ሚሲዮን በር ላይ አወረዳት። «ውሃ ላምጣልሽ» ብሏት ሄደ። በዚያው ቀረ። እሷ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር፤ እኔ አንድም ቀን ስቄ አላውቅም። ሚሲዮኖቹ አጠመቋትና ከኮረብታው ሥር ካለው የሕሙማን መንደር አስገቧት። ካቶሊክ ሆነች ተባለ። ስትናደድ ግን ከአፏ የሚቀድመው እስክትሞት ድረስ «ወላሂ» ነበር።

ያን ጊዜ ነው አባ፣ በአገሬ እንዳለው ዓይነት የማርያም ዋሻ እዚህም ይኑረን ብሎ የተነሣው። ኮረብታው ዋሻ የለውም፤ ስለዚህ በድንጋይ መሥራት ግድ ሆነ። የቀን ሠራተኛ ከከተማ አስመጣ። ሠራተኛው እስከ ቀትር ተሸክሞ እጁ ሲላጥ ያቆማል። የመንደራችን ሰዎች ግን አያቆሙም። በሽታው የያዘው እጅ ደንዝዟል፤ ቢቆረጥም ቢቃጠልም አይሰማውም። አባ ይህን ያየ ዕለት ፊቱ በራ ትላለች እናቴ። «እነዚህን አያማቸውም» አለና ጤነኞቹን አሰናብቶ ሥራውን ለሕሙማኑ ሰጠ። ወንዱ ይፈልጣል፣ ሴቱ ይሸከማል፣ ልጆቹ ኖራ ያቦካሉ፣ ይደረድራሉ። አባ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማታ ማታ ቁስላቸውን በገዛ እጁ ያጥብ ነበር። ጠዋት ደግሞ ድንጋዩን ያሸክማቸዋል።

እናቴ ሁለት ጣቶቿን የተወችው እዚያ ነው። ድንጋይ ሲወድቅባት አልተሰማትም። ኖራው ሲቀላ አየችና ማን ነው የደማው ብላ ጓደኞቿን ጠየቀች። በኋላ ሰዎች ጣቶቿን እያዩ ይሄ በሽታ እንዴት እንደበላት ሲሉ ትቆጣ ነበር። በሽታው ሳይሆን ማርያም ናት የበላችብኝ ትላለች። የሚሲዮኑ መነኩሴ ይህን ሰምታ ንስሐ ግቢ ብትላት፣ አንቺ ጣትሽን ስትሰጪ ያኔ አብረን እንገባለን አለቻት። እናቴ እንዲህ ነበረች። ከመንደሩም ቢሆን ምላሷን የማይፈራ አልነበረም።

መድኃኒቱ መጣ፣ እናቴም ዳነች። ጣት ግን ተመልሶ አይበቅልም። አብረዋት ድንጋይ የተሸከሙት አንድ በአንድ አለቁ። ቦታው ደግሞ ስሙ ወጣ። በየዓመቱ የካቲት ላይ ከድሬዳዋ በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ከከተማው ኦርቶዶክሱ ይመጣል፣ ከጀጎል ስለት ያለባት እስላም ሳትቀር ሻማ ይዛ ትመጣለች። ሁሉም ጎንበስ ብሎ የዋሻውን የታችኛውን ድንጋይ ይስማል። ድንጋዩ ከመሳም ብዛት ልስልስ ብሏል። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዋሻው ተሠራ የሚል ሰው እንኳ ጠፋ፤ ተገኘ ነው የሚባለው። ወትሮስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቃሚ መች ይጠፋል።

የመንደራችን ሰዎች በበዓሉ ቀን ከግቢው በር በስተግራ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ድንጋዩን ስሞ የሚመለሰው ሰው ዳቦ ይጥልላቸዋል። ይጥላል ነው ያልኩት። ለሕሙማን ማንም በእጁ አይሰጥም ነበር።

ስለ እኅቴም መናገር አለብኝ። በዚያ መንደር ሕፃን ጡት እንደጣለ ከእናቱ ይወሰድ ነበር። እኅቴን ድሬዳዋ ያሉ መነኮሳት ወስደው አሳደጓት። እኔ የተወለድኩት መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ስለሆነ እናቴ ጋ ቀረሁ። እኅቴ ተማረች፣ እዚያው ድሬዳዋ ደህና ቤተሰብ ውስጥ ገባች። ለባሏም ለአማቷም እናቴ በሕፃንነቴ ሞታለች ብላ ነበር። እንዲህ በይ ብላ የላከችባት ራሷ እናቴ ናት።

ታዲያ በየዓመቱ እኅቴ ከባሏና ከአማቷ ጋር ለበዓሉ ትመጣለች። ስማ ስትመለስ በሰልፉ ፊት ታልፍና እናቴ ጭን ላይ አንዲት ጥቅል ትጥላለች። ዳቦ፣ ሳሙና፣ አንዳንዴ ሻሽ ይኖርበታል። ፊቷን አታይም። እናቴም ቀና አትልም፤ የልጇን እግር ነው የምታየው። ማታ ቤት ስንገባ ከእግሯ ያነበበችውን ትነግረኛለች። ዘንድሮ እግሯ አብጧል፣ አርግዛለች። ዘንድሮ ጫማዋ ያምናው ነው፣ ባልየው ሥራ ፈትቷል መሰለኝ። አማቷም አንዳንድ ጊዜ ዳቦ ትጥልላት ነበር። እጇ የተፈታ ሴት ናት ትላለች እናቴ፣ ከልቧ ነው። እኔ ደሜ ይፈላል። አቦ፣ ነገ ድሬዳዋ ወርጄ በሩን አንኳኩቼ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ብትነግራቸው ወላሂ ጡቴን እቆርጣለሁ ትለኛለች። ከልጇ ጋር የምትገናኘው በዓመት ያችን ቅጽበት ብቻ ነው።

የዋሻው ኢዮቤልዩ ሊከበር ሲል ኮሚቴ ተቋቋመ። ለበዓሉ የቦታው ታሪክ በድምፅ ማጉያ ይነበባል ተባለ። ድንጋዩን ከተሸከሙት በሕይወት ያለችው እናቴ ብቻ ስለነበረች ሰብሳቢው መንደራችን ድረስ መጣ። የሚቀመጥበትን ወንበር ከሚሲዮኑ አሸክሞ ነው የመጣው። እናቴ ሁሉንም ነገረችው፤ የሞቱትን በየስማቸው እየጠራች፣ ማን የቱን ጎን እንደደረደረ ሳይቀር። ሰውየው በትዕግሥት ሰማ። ስትጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ እውነትዎን ነው። ግን ሕዝቡ ድንጋዩን በአፉ ነው የሚስመው። ይህን ከሰማ ማን ይስማል?»

እናቴ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ለመነችው። ይህን ዋሻ የሠሩት ሕሙማኑ ናቸው ትባል፣ ሌላው ይቅር አለች። እናያለን ብሎ ወንበሩን አሸክሞ ሄደ። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናቴም እኔም እናውቃለን።

ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ ሰፊ ነበርኩና ለበዓሉ ነጭ ቀሚስ ሰፋሁላት። ስለካት፣ ያችን ዐረፍተ ነገር ካላሏት እኔው እላታለሁ አለችኝ። ካልሽው ከበሩ ያባርሩሻል፣ ልጅሽን ዳግመኛ አታያትም አልኳት።  እኔ ከሞትኩ የእነዚያ ሁሉ ሰዎች ድካም አብሮኝ ይቀበራል አለች። ከዚያ እጅጌውን አሳጥረው አለችኝ።

በዓሉ ደረሰ። ሕዝቡ ኮረብታውን ሞላው። ታሪኩ ሲነበብ እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣ አንገቷን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘንብላ ሰማች። ፈረንጁ አባ ሕልም አየ ተባለ። ዋሻውን ከከተማው የመጡ ብርቱ ምእመናን በገዛ ፈቃዳቸው አነጹት ተባለ። ሕሙማኑ የተነሡት መጨረሻ ላይ ነው፤ የእመቤታችንን ምሕረት ለመለመን በደጇ የሚቀመጡ ተብለው። እናቴ ከንፈሯን አንዴ መጠጠች። ትተወዋለች ብዬ ደስ አለኝ።

እሷ ግን እስኪስሙ ነበር የምትጠብቀው። ሰብሳቢው ሳመ፣ ከነቤተሰቡ። ሙሽሮች ሳሙ። የእኅቴ አማትና ባል ሳሙ፣ እኅቴም ጎንበስ ብላ ሳመች። እኅቴ ወደ በሩ መጥታ ጥቅሏን ጣለች። እናቴ እግሯን አየች። ከዚያ ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሣች፤ ሰልፉን ሰንጥቃ ዋሻው ፊት ቆመች። ሰው ሊነካት ስለማይፈልግ መንገዱን ሁሉ ለቀቀላት። እጅጌውን አሳጥሬው ነበርና መሰብሰብ አላስፈለጋትም፤ እጇ ከሩቅ ይታይ ነበር።

«ሁላችሁም ሳማችሁ?» አለች። «ደግ። ይሄን ድንጋይ የደረደርኩት እኔ ነኝ። እኔና ጓደኞቼ፣ ያ የምትሸሹት መንደር ሰዎች። በዚህ እጅ።»

መዝሙሩ ቆመ። መጀመሪያ አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ጠረገች። ከዚያ ሁሉም ጠረገ። አንዱ ተፋ። ልጆቻቸውን እየጎተቱ የልጆቹን ከንፈር የሚፈትጉ ነበሩ። የሚሲዮኑ ቧንቧ ዘንድ ግፊያ ሆነ፤ ሰብሳቢው ከሁሉ ቀድሞ ሲጉመጠመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ ቆማ ታያቸው ነበር፤ ደስም ብሏት ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ዘበኛው አስወጣት ሲባል በእጁ ሊነካት ስላልደፈረ በዱላው ጫፍ ጀርባዋን ይገፋ ጀመር። ዱላውን ከእጁ ቀማሁት። ልሰነዝርበት ስል እናቴ ተው አለችኝና ተውኩት።

ያኔ ነው እኅቴን ያየኋት። አማቷ አጠገብ ቆማለች። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ እያረጠበች ከንፈሯን ትፈትጋለች፣ እንደገና ትፈትጋለች፣ ከንፈሯ እስኪቀላ ድረስ። ዓይኗ እናቴ ላይ ነበር።

እናቴን ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን ወደ ግቢው በር አላስጠጓትም። በዓመቱ ድንጋዩን ሴራሚክ አለበሱት፤ አሁን የሚሳመው ሴራሚኩ ነው። እኅቴንም እናቴ እስክትሞት ድረስ አላየቻትም።

ያን ቀን ቁልቁለቱን ስንወርድ እናቴ ከፊት ከፊቴ ትሄድ ነበር። እኔ ስለ እኅቴ ልናገር አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ ይዤ ነበር። መንደራችን ልንገባ ስንል ቆመች።

«እኅትህን አየሃት?» አለችኝ።

አየኋት አልኩ።

«ከሁሉም አብልጣ ጠረገች» አለች። «ጎበዝ ናት። ባትጠርግ ኖሮ አማቷ ትነቃባት ነበር።»