የተሰበረ እግር የሚነሣለት ሰው

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ቡታጅራ በነበረ አንድ አነስተኛ ሐኪም ቤት ቁስል የሚያጥበውና የሚያሽገው ድሬሰር ዳምጤ እጅግ የተከበረ ሰው ነበር። ክብሩም በዓይን ይታያል፤ ወደ ሴቶች ክፍል ሲገባ በሽተኞቹ ሁሉ ይነሡለታልና። ኃላፊው አቶ ገብረእግዚአብሔር ይህን ሲሰሙ «አቤት የዚህ አገር ሰው ጨዋነት!» እያሉ ይደነቁ ነበር።

አዲስ የተመደበችው ነርስ እሌኒ ግን አልተደነቀችም። ዘይባ የተባሉ የስልጤ ባልቴት፣ የተሰበረ እግራቸው በጀሶ እንደታሰረ፣ ዳምጤ ብቅ ባለ ቁጥር ለመነሣት ይታገላሉ። ለእሌኒ አይነሡም። ጨዋነት ሰው ይመርጣል እንዴ? ገላቸውን ስታጥብ ደግሞ ክንዳቸው ላይ የጣት ሰንበር አየች።

«ምን ሆነው ነው፣ እማማ?»

ዘይባ አማርኛ አያውቁም፤ የሚተረጉምላቸው ዳምጤ ነው።

«ወድቄ ነው ትላለች።»

«የወደቁበት መሬት ጣት ነበረው?»

በማግሥቱ ዳምጤ በሌለበት ስልጥኛ የሚያውቀውን ዘበኛ ሰማንን ጠርታ አስተረጎመች። ዘይባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ፤ ሰማን አንገቱን ደፍቶ ወደ አማርኛ መለሰላት።

«ካልተነሣሁ ይመታኛል። ከተናገርሽ ጀሶሽን ፈትቼ አባርርሻለሁ ብሎኛል። እንሰት የሚፋቀው በእግር ተደግፎ ነው፤ እግሬ ካልዳነ ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

እሌኒ በቁጣ እየነደደች ኃላፊው ዘንድ ገባች።

«ልጄ፣» አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር፣ «ሕዝብ የሚነሣለትን ሰው ትከሺያለሽ? እዚያ ደጋ፣ አረቅጥ፣ አየሩ ተስማሚ ነው ይላሉ፤ መዛወር ካማረሽ...»

«እዛወራለሁ። አስቀድመው ግን አብረውኝ ወደ ሴቶች ክፍል ይግቡ።»

ገቡ። የተነሣላቸው የለም። ቀጥሎ እሌኒ ዳምጤን አስጠራች። በሩ ላይ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ ተንጋግቶ ተነሣ፤ የዘይባ ጀሶ ከአልጋው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ሴትየዋም በሕመም ጮኹ።

ኃላፊው ፊታቸው ቀላ። «ለእኔኮ አልተነሡም!»

ዳምጤ ዕለቱን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። የተጻፈበት ጥፋት አለቃን መናቅ ነበር።

«የሴትየዋ ክንድስ?» አለች እሌኒ።

«የሱ ጉዳይማ ተፈታ አይደል?» አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር።

አልተፈታም። ደመወዙም አልተነካ፤ የግምጃ ቤቱ ብርድ ልብሶች ግን አልተነሡለትም። እሌኒ ባገለገለችበት ዘመን ሁሉ ይህን ፍርድ በንዴት ታወሣው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ የምታነጋግረው በሽተኛው ራሱ በመረጠው አስተርጓሚ፣ በሩን ዘግታ ሆነ።

ዘይባ ድነው የሚወጡበት ቀን እሌኒ ወደ ክፍሉ ስትገባ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ተደላድለው እንደተቀመጡ እጃቸውን ለሰላምታ ሰጧት። አልተነሡላትም።