የእማማ ደጊቱ ጓዳ አየር

እማማ ደጊቱ ከቡሬ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ መንደር የሚኖሩ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። ደግነታቸውን የሚያወራላቸው ሰው ሞልቷል። እኔ የማወራው ስላደረስኩባቸው በደል ነው። ጓደኞቼ «ስህተት በለው እንጂ» ይሉኛል። አንዲት እናት አንድ ልጇን ዓመት ሙሉ ቀና ብላ እንዳታይ ያደረገ ነገር ስህተት ብቻ ሲባል ያናድደኛል።

ስሜ ያረጋል ነው፤ ፍኖተ ሰላም የምኖር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ሻጋታና በሰው ሳንባ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚያጠና ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ነገሩ ብዙ ምስጢር የለውም። ሻጋታ እህሉ ላይ ብቻ ተቀምጦ አይቀርም፤ ከዱቄት የላመ፣ ዓይን የማያየው ብናኝ ይለቃል፤ ያንን ሰው ሲተነፍስ ይስበዋል። አንዳንዱ ሳንባ ይችለዋል። አንዳንዱ ይቆጣል፤ ሲቆጣ ከኖረም ውስጡ ጠባሳ ያወጣል።

የእማማ ደጊቱን ቤት የመረጠችልን የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጅጉ ናት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጎተራውን የሚመርግ ጠፍቶ ምስጥ በልቶታል፤ በቆሎው ወደ ጓዳ ገብቷል። ያውም የዚያን ዓመት በቆሎ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ አግኝቶት ሳይደርቅ ነው የተከተተው። ጆንያዎቹ እስከ ጣሪያው ድረስ የተደረደሩት ልጃቸው ፍሬሕይወት በምትተኛበት መደብ ራስጌ ነበር።

ፍሬሕይወት ጅጋ ከተማ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እናቷ ትመጣለች፤ እሑድ ጠዋት ደረቷ ተይዞ፣ ትንፋሽ አጥሯት ትነሣለች። ጅጋ በተመለሰች በሁለት በሦስት ቀኗ ይሻላታል። ለቲቢ ሁለት ጊዜ ተመርምራ ነጻ ነሽ ተብላለች። መንደሩ ግን የራሱን ምርመራ ጨርሶ ውጤቱን አውጥቷል፤ ሌላ ቦታ ደህና ውላ የምታድር ልጅ እናቷ ቤት ስትደርስ ብቻ የምትታፈነው የእናቲቱ ዓይነ ጥላ ቢሆን ነው፤ ባልየውንም የቀጠፈው እሱው ነው። ቤቱ ቢሆንማ እናቲቱ ቀድመው በታመሙ ነበር ይላሉ። ሳንባና ሳንባ እንደሚለያይ ማን ነግሯቸው።

እማማ ደጊቱ እኛን የጠበቁን እንደ ዳኛ ነው። ወይ ቤታቸው ይፈረድበታል ወይ እሳቸው።

በየካቲት ሄድን። መዳፍ የምታህል ባለ ክዳን የፕላስቲክ ሳህን ይዤ ገባሁ፤ ውስጧ ሻጋታ የሚያበቅል የረጋ ነገር አለበት። መደቡ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ክዳኗን አነሣሁ። እማማ ደጊቱ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ምግብ ነው፤ ሻጋታው ካለ መጥቶ ይበላዋል» አልኳቸው። ማቅለሌ ነበር። አንድ ሰዓት ማንም እንዳይነካት አደራ ብዬ ከእጅጉ ጋር ጎረቤት ቤት ሄድኩ። ስንመለስ እንደተውናት አገኘናት፤ ክዳኗን ገጥሜ ይዣት ሄድኩ።

በአምስተኛው ቀን የአርባ ቤት ሳህኖች ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ አመድማ ሻጋታ ያላበቀለ የለም፤ የእማማ ደጊቱ ብቻ ሁለት ነጥብ አውጥታ ተቀምጣለች። ጆንያ ጣሪያ የነካበት ቤት ከሁሉ ንጹህ! ማሰብ የፈጠረበት ሰው እዚያ ላይ ይቆም ነበር። እኔ ሁለት ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

መጋቢት ላይ ውጤቱን ለየቤቱ ስንናገር ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፋቸው ላይ ተሰብስቦ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እንኳን ደስ አለዎት እማማ፣ የቤትዎ አየር ንጹህ ነው» አልኩ። አለቀሱ። የደስታ መሰለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቤቱ ንጹህ ከተባለ ልጂቱን የሚያፍናት ማን እንደሆነ ለመንደሩም ለእሳቸውም የሚያጠራጥር ነገር አልቀረም። እኔ ሻንጣዬን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ በጸጥታው ችግር መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ዓመት ሆነ። እጅጉ ለሥልጠና ፍኖተ ሰላም በመጣች ጊዜ ነው የሆነውን የሰማሁት። ፍሬሕይወት ቤቱ ነጻ ነው ስለተባለ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ድረስ እዚያው መደብ ላይ ማደሯን አልተወችም። ሕመሙ ጠናባት፤ ጅጋም ስትመለስ የማይለቃት ሆነ። እናትየው ይህን ሲያዩ ከልጃቸው ሸሹ። ስትመጣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ይከናነባሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚያናግሯት። ዓይናቸው እንዳይገድላት ነው። ልጂቱ ግን ይህን አታውቅም፤ እናቴ በማላውቀው ነገር ቂም ይዛብኛለች ብላ ለእጅጉ አልቅሳለች። ቀስ በቀስም መምጣቱን አሳነሰችው።

እጅጉ ይህን ስትነግረኝ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁለት ነጥብ ዓመት ሙሉ ረስቼው ኖሬ፣ ያን ዕለት እንቅልፍ ነሳኝ። በማግሥቱ ሌላ ሳህን ይዤ ቡሬ ወረድኩ።

እማማ ደጊቱ ከስተዋል። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ምንም ሳይጠይቁ ከጓዳ ታጥቦ የደረቀ ሰፌድ ይዘው መጡና አቀረቡልኝ።

«ይኸው፣ ያኔ የከደንሁበት» አሉኝ።

የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ ምኑን እንደከደኑ ጠየቅኳቸው።

«ሳህኒቱን ነዋ። ምግብ ነው አላልኸኝም የኔ ጌታ? ምግብ አፉን ከፍቶ ይተዋል? እጄን አላሳረፍሁባትም፤ ከላይ ብቻ ጋረድሁላት። ኮቴያችሁን ስሰማ አነሣሁት።» ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጨመሩበት። «ደግሞስ የኔ ዓይን እንዳያርፍባት ብዬ ነው።»

እኔም እዚሁ አገር፣ ፈረስ ቤት ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ሳህን ሳይከድን የተነሣን ሰው እጅ በማማሰያ ነበር የምትመታው። ምግብ ክፍት እንደማይተው፣ ለእንግዳ ዕቃ ደግሞ የበለጠ እንደሚጠነቀቁ ከእሳቸው እኩል አውቃለሁ። ያወቅሁትን ትምህርት ቤት ጥዬው ወጣሁና በአንዲት ቃል ቀልጄ ሄድኩ። ያፈርኩት እፍረት ዛሬም አልለቀቀኝም።

ሁለተኛዋን ሳህን አስቀምጬ፣ ይህችኛዋ ሳትከደን መቆየት እንዳለባት አስረድቼ፣ ሰዓቱ እስኪሞላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ፍኖተ ሰላም ወስጃት በአምስተኛው ቀን ክዳኗን በፕላስተር አሽጌ መልሼ አመጣኋት። ጥቁርና አረንጓዴው ተደራርቦ ባዶ ቦታ አልተረፈም ነበር። ጆንያዎቹ ካሉበት አየር የተያዘ መሆኑን፣ ፍሬሕይወት እንቅልፍ በወሰዳት ቁጥር ስትስብ የኖረችው ይህን መሆኑን ነገርኳቸው። አንዱን ሳንባ እንደሚጥል፣ አንዱን እንደሚምርም ነገርኳቸው። የአምናው ጥፋት የእኔ እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ ሳይከደን ይቆይ ብዬ መንገር የነበረብኝ እኔ እንደነበርኩ ተናገርኩ። ይቅርታም ጠየቅኩ።

ሳህኒቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብርሃን ወዳለበት ወጡ። አገላብጠው አዩዋት።

«እንግዲያ እኔ አይደለሁም?»

«አይደሉም እማማ።»

«ዓመት ሙሉ ልጄን ያላየኋት ለዚች ነው?»



አብራን የነበረችው እጅጉ ሳህኒቱን ከእጃቸው ተቀብላ ቤት ለቤት አዞረቻት። በዚያው ሳምንት ያሟቸው ሰዎች ደቦ ወጡ። አንዳቸውም ይቅርታ አላሉም፤ ጭቃ አቦኩ፣ አዲስ ጎተራ መረጉ፣ የሻገተውን በቆሎ ቀበሩ፣ ጓዳውን ኖራ ቀቡ። አገሬው ሲያፍር እንዲህ ነው፤ በአፉ ያፈረሰውን በእጁ ሊሠራ ይሞክራል። የፍሬሕይወትን ሳንባ ግን የሚመርግ አልተገኘም። ሐኪሟ ከእንግዲህ ከሻጋታ ከራቀች ባለበት ሊቆም እንደሚችል፣ ያወጣው ጠባሳ ግን እንደማይጠፋ ነግሯታል። ዳገት ስትወጣ ሦስት አራት ጊዜ ትቆማለች።

ቅዳሜ ዕለት ስትመጣ እኔም ነበርኩ። እጅጉ በስልክ ሁሉንም ነግራታለች። እማማ ደጊቱ አጥሩ በር ላይ ቆመው ጠበቋት፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። መንገዱ ላይ እየቆመች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች ደረሰች። አልተሳሳሙም። እናትየው ሁለት ጉንጯን በእጃቸው ይዘው ፊቷን ብዙ ጊዜ አዩት።

«ምነው ልጄ፣ መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?» አሏት።

«ከአምና ጀምሮ ነው፣ እማዬ» አለቻቸው።