አባቴ በቤንዚን ያጠበው ፊልትሮ

የአባቴ ፒካፕ ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ጭና ወደ ደብረ ሲና ስትወጣ የምታሰማውን ድምፅ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። በሁለተኛ ማርሽ ትጀምራለች፤ ዳገቱ ሲጠና አንደኛ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልመና ነው። ከኋላ የከባድ መኪኖች ጡሩንባ ይጮሃል። አባቴ ዳር ይዞ ያሳልፋቸውና ሞተሩ እስኪበርድ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ ይቀመጣል። ቤት ሲደርስ የግራ ጉልበቱን በሁለት እጁ ደግፎ ነው የሚወርደው። ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ ጉልበት ነው። ቤታችን የሚተዳደረው በዚያች መኪና ነው፤ እሷ ከቆመች ሁላችንም ቆምን ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያውን መንፈቅ ስጨርስ ለእረፍት መጣሁ። ገና የትምህርት ክፍል እንኳ አልመረጥኩም፤ ሰፈሩ ግን "ኢንጂነሯ" ይለኝ ጀምሯል፤ እኔም አላረምኩም። ዶርም ውስጥ በስልኬ ስለ ሞተር የሚያወሩ ቪዲዮዎች አይ ነበር። አንዱ፣ ሞተር የሚደክመው አየር ስለሚያንሰው ነው፣ ፋብሪካው የሠራለት የአየር ማጣሪያ፣ የፊልትሮው ሳጥን ወጥቶ ሰፊ ቱቦና ክፍት ፊልትሮ ቢገጠምለት ጉልበት ያገኛል ይላል። አመንኩት። ወደ ቤት ስመጣ አዲስ አበባ ላይ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር ስዞር ውዬ ከመኪናችን ጋር የሚሄድ አገኘሁና ለአባቴ ደወልኩለት።

"አንቺ ካልሽ ይሁን" አለኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አሁን ሳስበው ይደክመኛል።

የገጠሙልን አባቴ ለዓመታት የሚያምናቸው መካኒክ ናቸው፤ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ የአሊዩ አምባ ሰው። ቀዩን ሾጣጣ ፊልትሮ ከካርቶኑ አውጥተው አገላበጡት።

"ይሄ ምንድን ነው? የሙሽራ ቆብ ነው?"

"ፊልትሮ ነው ጋሼ። ሞተሩ በደንብ እንዲተነፍስ ነው።"

"እና እዚሁ ሞተሩ ጎን ሊቀመጥ? የኔ ልጅ፣ የድሮው ሳጥን አፍንጫውን ወደ ውጭ አውጥቶ ነው የሚስበው። ይሄ የሞተሩን ትኩሳት መልሶ ሊጠጣ ነው። ሮቢት እኮ ውጪውም ምድጃ ነው።"

ስለ አየር ፍሰትና ስለ ቱቦ ስፋት የሰማሁትን ሁሉ ደረደርኩላቸው። ግማሹ እንኳ በደንብ አልገባኝም ነበር። አባቴ ፈገግ አለ።

"ይተዉአት፣ ተምራለች እኮ።"

"ወላሂ እኔ ምን አገባኝ፣ የምትነዳት አንተ ነህ" አሉና መፍቻቸውን አነሱ።

ካርቶኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነበር። እነሱ ሲገጥሙ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ አነበብኩት። የፊልትሮው ጨርቅ ዘይት የጠጣ ነው፤ አቧራውን የሚይዘውም ያ ዘይት ነው። በየቀኑ መታጠብ አያስፈልገውም፤ በቤንዚን ጨርሶ አይነካም፤ ሲቆሽሽ በራሱ ሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ዘይት ይቀባል። ለአባቴ በኋላ እነግረዋለሁ ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መኪናዋ ስትነሳ ድምጿ ወፍሯል። ገበያ ውስጥ ስናልፍ ሰው ዞር ብሎ ያያል። በማግስቱ አብሬው ደብረ ሲና ወጣሁ። ሰዓቴን ደጋግሜ ብመለከትም የደረስነው በድሮው ሰዓት ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ዘገየን። አባቴ ግን "ጉልበት ጨምራለች፣ አይደል?" አለኝ። "ጨምራለች" አልኩት።

የሮቢት ሹፌሮች አንድ ልማድ አላቸው። ከቀወት ገጠር ወይም ከማጀቴ መንገድ አቧራ ለብሰው ሲገቡ ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት ፊልትሯቸውን ያወጣሉ። ጎማ ላይ ያራግፉታል፣ ጎሚስታው ዘንድ ወስደው በአየር ያስነፉታል። ሳያራግፍ የሚያድር ሹፌር ሰነፍ ነው ተብሎ ይታማል። አባቴ በዚህ ታምቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ቀዩን ፊልትሮ አውጥቶ ጎማ ላይ መታው። አቧራው አልለቅ አለው። በጣቱ ዳሰሰውና "ቅባት ነክቶታል" አለ። ሳፋ አመጣ፣ ቤንዚን ቀዳ። ሦስት ሹፌሮች ቆመው ያያሉ።

"ልጅህ መኪናዋን አውሮፕላን አደረገቻት አሉ" አለው አንዱ። "እኛንስ መቼ ነው የምታሳፍረን?"

"አንተ በእግርህ ና። ከሽንኩርት ጋር ሰው አልጭንም።"

ተሳሳቁ። እኔ ሳፋውን አያለሁ። ሮዝ መልክ ያለው ዘይት ከጨርቁ እየወጣ ቤንዚኑ ላይ ይንሳፈፋል። አባቴ አለቅልቆ፣ አስነፍቶ፣ ፊልትሮውን ወደ ፀሐይ አነሳው።

"እስቲ እይው፣ ልክ እንደ አዲስ።"

ሦስቱ ሰዎች እኔን አዩኝ። እሱም አየኝ፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፣ ፊቱ ግን እንደዚያ ሲበራ ብዙ ጊዜ አላየሁትም።

"ጸድቷል አባዬ" አልኩ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ መናገር እችል ነበር። ደክሞታል፣ ነገ ይሻላል አልኩ። ነገም እንደዚያው። ከዚያ ወደ ግቢ ተመለስኩ። እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። "ፊልትሮሽን ዛሬም አጠብኳት" ይለኛል፤ እኔ ስለ ፈተና ማውራት እጀምራለሁ።

ሰኔ ላይ ስመጣ ፒካፗ ሰማያዊ ጭስ ታወጣ ነበር። በየሁለት ቀኑ የሞተር ዘይት ይጨመርላታል። ዳገቱን ባዶዋንም አልችል ብላለች። መካኒኩ ቱቦውን ፈትተው ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና አወጡት። ጣታቸው እንደ በሶ የላመ አቧራ ለብሷል።

"ይሄ ሁሉ ወደ ሞተሩ ገብቷል። ፋሻውን በልቶታል" አሉ፤ ፒስተኑን የሚያቅፉትን ቀለበቶች ማለታቸው ነው። "ፊልትሮውን በምን ነበር የምታጥበው?"

"በቤንዚን። አንድ ቀን አላሳለፍኩም።"

"ከታጠበ በኋላ ዘይት ትቀባዋለህ?"

"የምን ዘይት?"

መካኒኩ ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። አባቴ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባውና እጆቹን አገላብጦ አያቸው።

"ልጄ ደክማ ያመጣችውን እኔ በገዛ እጄ አበላሸሁት" አለ። "አለማወቅ ነው እንግዲህ።"

ያን ጊዜ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ጥፋቱን እሱ ወስዶልኛል።

"አባዬ፣ ወረቀት ነበረው። በቤንዚን እንዳይታጠብ ይላል። ገና ሲገጠም ነው ያነበብኩት። ስታጥበውም አጠገብህ ነበርኩ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰዎች ነበሩ።"

"ሰዎቹ ሲሄዱስ?"

መካኒኩ "አላህ ይዘንልሽ" ብለው መፍቻ ፍለጋ ዞር አሉ። አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን ያሸው ጀመር። ሞተሩ መውረድ አለበት። መኪናዋ ስንት ሳምንት እንደምትቆም መካኒኩም አያውቁም።

ከትንሽ ጊዜ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ቀወት ላይ አንድ ገበሬ ሽንኩርታቸውን ነቅለው እየጠበቁት ነበር።

"እንደማልመጣ ንገሪያቸው።"

ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ደህና ነሽ ወይ፣ ትምህርት እንዴት ነው አሉኝ። መኪናዋ ተበላሽታለች አልኳቸው። ምን ነካት ሲሉ አባቴን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

"በኔ ጥፋት ነው ጋሼ" አልኩና ከፊልትሮው እስከ ዝምታዬ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ሽንኩርቱን ጥላ ውስጥ አስገቡት ብለው ለሠራተኞቻቸው ሲጮሁ ሰማሁ።

"በይ እሺ፣ ሌላ መኪና እንፈልጋለን" አሉኝ። ድምፃቸው ቅድም እንደነበረው አልነበረም።

ስልኩን ለአባቴ መለስኩለት። ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ጉልበቱን ደግፎ ተነሳ። መካኒኩ የሞተር ማንሻውን ሰንሰለት እያስተካከሉ ነበር።

"ነይ፣ ሰንሰለቱን በዚያ በኩል ያዢ" አለኝ።