እስከ ጫማው ድረስ ያነበበችው

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበት ክፍል ከመንገዱ በሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ስለሆነ፣ ደንበኞቿን ገና ሳይገቡ በጫማቸው ትለያቸዋለች። ክፍሉን መጋረጃ ለሁለት ከፍሎታል፤ ወዲህ የስፌት መኪናውና የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ወዲያ ደግሞ መስታወቱ። ልጇ፣ ጢም ያበቀለ ጎልማሳ፣ ከጎኗ ተቀምጦ ቁልፍ ይተክላል፣ የተረፈ ክር ይለቅማል። ካውያ ግን አያነሳም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ስላለበት እናቱ ከእሳትና ከጋለ ብረት አርቃ ነው ያሳደገችው። ሰው ሳያሾፍበት እሱ ይቀድማል፤ «እኔ ስወድቅ ቢያንስ ድምፅ አለኝ፤ እናንተ ስትወድቁ ማን ይሰማል?» ይላል።

እሱን ስታሳድግ የተማረችውን ሁሉ፣ ሲወድቅ በጎኑ ማስተኛትን፣ አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባትን፣ ክኒን አንድ ቀን እንኳ አለማሳለፍን፣ ልጇ በከፈተላት ድረ ገጽ ላይ ትጽፍ ነበር። እንዲህ በግልጽ የሚያወራ ሌላ ሰው ስላልነበረ አንባቢው በረከተ። አብዛኞቹ ሕመማቸውን ከባል፣ ከአሠሪ፣ ከጎረቤት የደበቁ ነበሩ። የገጹ ኪራይ የሚሸፈነው በዳርና ዳር ከሚታዩት ማስታወቂያዎች ነበር።

አንድ ቀን ማስታወቂያዎቹን የሚልከው ድርጅት መልእክት ላከ። ማስታወቂያ የሚያሳይ ገጽ ሁሉ የግላዊነት ፖሊሲ ያውጣ፤ ስለ አንባቢው ምን እንደሚያዝና ለማን እንደሚተላለፍ ይናገር፤ ያለዚያ ማስታወቂያው ይቋረጣል የሚል ነው። ልጇ ረጅሙን መልእክት ከግማሽ ላይ ተወውና፣ ይሄን ነገር የሚያነብ ሰው አልተፈጠረም፣ ከሌላ ቦታ ቀድተን እንለጥፍ አላት።

እሺ፣ ግን የሚለጠፈውን እኔ ልምረጥ አለች። ከየቦታው እየከፈተ አነበበላት። አንዳንዱ የፍርድ ቤት ክርክር ይመስላል፤ አንዳንዱ ያስፈራራል። በመጨረሻ የአንድ ጫማ ቤት ድረ ገጽ ጽሑፍ ልቧን ነካው። «እዚህ ገብተው ያዩትን ማንም አያውቅም። ምስጢርዎ ከእኛ ጋር ይቀራል» ይላል። ጫማ ቤቱ ማስታወቂያ የሚባል ነገር አያሳይም ነበር። ለእሱ እውነት የሆነው ቃል ለእነሱ ውሸት እንደሚሆን እናትም ልጅም አላሰቡም። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሳትለካ መቀስ ያላነሳች ሴት፣ ያን ቀን በሌላ ሰው ልክ የተቆረጠውን አምጥታ ለገጿ አለበሰች።

ልጇ ሲቀዳ የጫማ ቤቱን ስም አወጣ፤ አንዲት መስመር ግን አመለጠችው። «ጫማው ከጠበበዎ ሳይቆሽሽ ይመልሱ» የምትለው ከግርጌ ቀረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲያያት በሳቅ ሞተ። ሰው የሚያነበው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ደጃችን በጫማ ተሞልቶ ነበር አላት። እሷም ሳቀች፤ መስመሯም እንዳለች ቀረች።

አንዲት ሙሽራ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ለሠርግ ቀሚሷ መስታወቱ ፊት ቆማ ስለ ጫማዋ ተረከዝ ስታወራ ቃሏ መሃል ላይ ተቆረጠ። ዐይኗ አንድ ቦታ ላይ ቀረ፤ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም። በቀሚሱ ጠርዝ የሰካቻቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ ነቅላ ክንዷን ይዛ ጠበቀች። ልጅቷ ወደ ራሷ ስትመለስ ወሬዋን ልትቀጥል አፏን ከፈተች፤ የሴትዮዋን ፊት በመስታወት ስታይ ግን እንደታወቀባት ገባት።

ልብስ ሰፊዋ፣ የሙሽራው ቤተሰብ ሕመሟን ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ካወቁማ ሠርግ የለም፣ እትዬ።»

ልብስ ሰፊዋ ገጿን ከፍታ አሳየቻት። ልጅቷ ማንበቡን ወደደች፤ ሰው ቢያውቅብኝስ ብላ ግን ፈራች። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ወደ ግርጌ ወርዳ ያን የወደደችውን ቃል በጣቷ ነካችላት።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኩት፣ ልጄ። እኔን አታምኚም?»

ልጅቷ አመነች።

ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት በመስኮቱ በኩል ያ ባለ ተረከዝ ጫማ መጥቶ ቆመ፤ ቆመ እንጂ አልወረደም። ልብስ ሰፊዋ ወጥታ አስገባቻት። ልጅቷ ቀሚሱን በፌስታል ይዛለች። ግንባሯ ከቅንድቧ እስከ ፀጉሯ ተሰፍቷል፤ የጥድፊያ ስፌት መሆኑን ሰፊዋ በአንድ እይታ አወቀች።

ልጅቷ ሳታለቅስ ነገረቻት። በአማቷ ቤት የምታነበው ሁሉም በሚጠቀምበት አንድ ታብሌት ነበር፤ ስትጨርስ ገጹን ትዘጋዋለች። ውሎ አድሮ ግን አማቷ ዜና ሲከፍቱ የሚጥል በሽታ ክኒን ማስታወቂያ ይመጣ ጀመር። የሹራብ አሠራር ሲፈልጉም እሱው ነው። ከእኛ ቤት የሚወድቀው ማን ነው ብለው ምሳ ላይ ጠየቁ፤ መጀመሪያ እየሳቁ፣ በኋላ ሳይስቁ። ቦርሳዋ ይፈተሽ ጀመር። እንዳይገኝባት ክኒኑን ጣለችው። ብዙም ሳትቆይ ከደረጃ ላይ ወደቀች።

«ሁለት ሆነን ነው የወደቅነው» አለች፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። «የተነሳሁት ብቻዬን ነው። ለማንም ገና አልተናገርኩም ነበር።»

ባሏ ሐኪም ቤት አብሯት አደረ፤ ሲነጋ እናቱን ተከትሎ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ያን ጽሑፍ ማንም የማያነበው መስሎን ነበር ብላ ጀመረች።

«እኔ አንብቤዋለሁ፣ እትዬ። እስከ ጫማው ድረስ። ጫማው ላይ ስደርስ ስቄያለሁ፤ ከሌላ ቀድተውት ነው ብያለሁ። ግን በጣትዎ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።»

ልጇ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። የድርጅቱን መልእክት ፈልጎ አወጣና እስከ መጨረሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ማስታወቂያዎቹ በአንባቢው ስልክ ወይም ታብሌት ውስጥ ምልክት ያስቀምጣሉ፤ ያነበበውን እየተከተሉ ሌላም ቦታ ተመሳሳዩን ያሳዩታል፤ ይህን ለአንባቢዎ ይንገሩ ይላል። የተጠየቁት ይህን ብቻ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ገጹን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ አለች።

«አያጥፉት» አለች ልጅቷ። «ክኒን እንደማይጣል ያነበብኩት እዚያው ነው፤ ሰምቼ ቢሆን። እውነቱን ብቻ ይጻፉ። ደግሞ ከላይ።»

ቀሚሱን ምን ላድርገው ስትላት የፈለጉትን ብላት ወጣች።

ማስታወቂያዎቹን ያኔውኑ አነሱ፤ ኪራዩ ከስፌቱ ይወጣል። እስካሁን በየሰው ስልክ የገባው ምልክት ግን በእነሱ እጅ አይነሳም። እናት ተናገረች፣ ልጅ ጻፈ፦

«ያነበባችሁትን ማንም አያውቅም ብለን ነበር። ውሸት ነበር። ማስታወቂያዎቹ ምልክት ትተውባችኋል፤ ሕመማችሁ በስልካችሁ ላይ ሊታይ ይችላል። ስልክ የምትጋሩ ምልክቱን አስጠፉ፤ በዚያው ስልክም ወደዚህ አትመለሱ። ክኒናችሁን ግን አትጣሉ።»

«እንዲህ ከተባለ ማን ይቀራል፣ እማዬ?»

«ጻፈው።»

ይህኛው ተነበበ። አንዷ አመስግና ተሰናበተች። አንዱ ውሸታም ብሎ ሄደ። አንዷ ደግሞ «እህቴ፣ ምነው ዘገየሽ?» ብላ ብቻ ጻፈች፤ ምን እንደደረሰባት አልተናገረችም፤ ልብስ ሰፊዋ ብትጠይቃትም አልመለሰችም። ከዚያ ገጹ ጭር አለ።

ቀሚሱ ከመጋረጃው ጀርባ ተሰቅሏል። ሌላ ልብስ ይወጣዋል፤ መቀስ ይዛ ቀርባ ደጋግማ ተመልሳለች። ባለ ተረከዝ ጫማ በመስኮቱ ብቅ ባለ ቁጥር እግሯን ከመኪናው መርገጫ ታነሳለች። ልጇም መርፌውን ይዞ ይጠብቃል። ጫማው ያልፋል።