ሁለት ጊዜ የተጻፈው የምንጩ ሰሌዳ

ሥራ የጀመርኩት ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ በጋሽ ወርቁ ሰሌዳ ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ጸጉር አስተካካይ ገና በቅጡ ያልደረቀ ሰሌዳውን ተሸክሞ ተመለሰ። «ጸጉር የሚጻፈው በፀሐዩ ፀ ነው» አለ። ጋሽ ወርቁ አጥፍተው እንደገና ጻፉለት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መጣ። ሚስቱ የበፊቱ ነው ልክ ብላዋለች። ጋሽ ወርቁ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፉና ሰውየው ሲወጣ «ጀማል፣ እዚህ ቤት የሚደክመው እጅ አይደለም» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም።

በቤቱ ሦስት ደረጃ ነበር። ጀማሪው ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ጸረ ዝገት ይቀባል። ከሱ ቀጥሎ መስመር ጣይ አለ፤ ኖራ የነካ ሲባጎ ወጥሮ የፊደሉን ቁመት ያሰምራል። ጸሐፊ የሚባለው ብሩሽ የሚይዘው ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ አራት ዓመት ፈጀብኝ። የደረስኩ ቀን ቤተሰቦቼ ግር ብለው መጥተው አዩኝ። ሁሉም ነጋዴ ስለሆኑ የጻፍኩት የማንን ሱቅ ሰሌዳ እንደሆነ ጠይቀው፣ የተፎካካሪያቸው መሆኑን ሲሰሙ አኩርፈው ሄዱ።

በፕላስቲክ ሸራ ላይ የሚያትመው የፍሌክስ ማሽን ከተማውን ሲሞላው ብዙ ጓደኞቼ ብሩሻቸውን ጣሉ። እኔ በብሩሹ የቀጠልኩት ፍሌክስ በሐዋሳ ፀሐይ ቶሎ ስለሚነጣ ነው። በላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የተጻፈ ግን ይቆያል። አቶ ሌዳሞም የመጡት ይህንን ሰምተው ነው።

አቶ ሌዳሞ የአንዲት ትንሽ መንደር ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። መንደሯ በሐዋሳ ዳር ካለችው ቱላ አለፍ ብላ ነው ያለችው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። በስሟ አጻጻፍ ብቻ ሁለት ሳምንት ጠፍቶብኛል፤ አሁን ደግሞ ተሳስተሃል የሚል ደብዳቤ እንዲመጣብኝ አልፈልግም።

«ሰው ከከተማ እየመጣ መንደራችንን ያያል» አሉኝ፤ «ታሪካችንን የሚነግረው ግን የለም። አራት ሰሌዳ እንፈልጋለን። ለወርካው፣ ለውሃ ወፍጮው፣ ለድልድዩና ለምንጩ።» ጽሑፉን በአራት ገጽ አምጥተዋል። ኮሚቴው ወርካው ሥር ተቀምጦ ያጸደቀው ነው። የኮሚቴው ማኅተምም አለበት።

ማኅተሙን አይቼ አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ ስልኩ ጀመረ። «ጋሽ ጀማል፣ አንዲት ቃል ብቻ» ይሉኛል አቶ ሌዳሞ። ይህችን አነጋገር እስከ ዛሬ ስሰማት ጥርሴን ያመኛል። የወርካውን ዕድሜ አንዱ ሽማግሌ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። «እጅግ ያረጀ ብዬ ልገላገል» ስላቸው፣ አረጀ ማለት ሊደርቅ ነው ማለት ነው፣ ሟርት ነው ተባለ። «ዕድሜ ጠገብ» በሚለው ታረቁ። ወፍጮው መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ የባለቤቱ ልጆች ግን «ቆሟል» እንዳይባልባቸው ለመኑ፤ «እረፍት ላይ ነው» በልልን አሉ። እንደዚያ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የድልድዩን ሰሌዳ ጽሑፉ በተለወጠ ቁጥር እየፋቅሁ ሦስት ጊዜ ጸረ ዝገት ቀባሁት።

የምንጩ ጽሑፍ ብቻ አንድም ጊዜ አልተነካም። «ይህን ምንጭ የአካባቢው ባላባት ለሕዝቡ ቆፍረው አወጡ» ይላል፤ ስማቸውም ተጽፏል። ባላባቱ የአቶ ሌዳሞ አያት ናቸው። ማንም የማይጨቃጨቅበት ጽሑፍ አገኘሁ ብዬ በደስታ ጻፍኩት።

የሰሌዳዎቹ ምረቃ ቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ሰሌዳዎቹን በአይሱዙ ጭኜ ሄድኩ። ሦስቱን ተክዬ ምንጩ ጋ ጉድጓድ ስቆፍር፣ አንዲት አሮጊት ጄሪካን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። እማማ ዱካሌ ይባላሉ። የሚናገሩት በሲዳሙ አፎ ነው፤ እኔም ገበያ ውስጥ ያደግሁ በመሆኔ አላጣውም።

«ምን ይላል?» አሉኝ ወደ ሰሌዳው እያመለከቱ። «እኔ ፊደል አላውቅም።»

አነበብኩላቸው። ጄሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እንደገና አንብብልኝ።»

እንደገና አነበብኩ።

«እሳቸው ዶማ ይዘው አያውቁም» አሉ። «ወንዙ የደረቀ ዓመት የቆፈርነው እኛ ነን። እናቴ፣ እኔ፣ የጎረቤት ሴቶች። ገደሉ ሲናድ ታላቅ እህቴ ጋዲሴ ከሥሩ ቀረች። ካወጣናት በኋላ ቀብረናት ተመለስን፤ ቁፋሮውን ጨረስነው። ውሃ ያስፈልግ ነበር።» ከዚያ ሰሌዳውን በጣታቸው ነካ አድርገው «ጋዲሴ የሚለው የት ጋ ነው?» አሉኝ።

የለም አልኳቸው። በዚህ ሥራ ስኖር ደንበኛ ጮኾብኛል፣ ሰሌዳ ተወርውሮብኛል። እንደዚያች «የለም» ግን የከበደኝ ነገር አላስታውስም።

ለአቶ ሌዳሞ ደወልኩ። «ጋሽ ጀማል፣ እርስዎ የወረቀቱን ይጻፉ» አሉኝ። «ቅዳሜ እንግዳ አለብን። አሁን ታሪክ የሚቀየርበት ጊዜ አይደለም።»

በዚያች ሰዓት ትዕግሥቴ አለቀ። «ለአንዲት ቃል ሃያ ጊዜ ሲደውሉልኝ ጊዜ ነበረዎት» አልኳቸው። «እማማ ዱካሌ እዚህ ቆመዋል። መጥተው ራስዎ ይንገሯቸው። ያለዚያ ሰሌዳውን ይዤ እመለሳለሁ።»

በሞተር ብስክሌት መጡ። እስኪደርሱ ድረስ ሌሎች ሴቶችም ውሃ ሊቀዱ ወርደው ነገሩን ሰምተዋል። ከእነሱ ሁለቱ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የጋዲሴን ቀብር ያስታውሳሉ።

አቶ ሌዳሞ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «እማማ፣ ይህን ለኮሚቴው ለምን አልነገሩንም?» አሉ።

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ የምትሰበሰቡት ወርካው ሥር ነው። እኔ ያለሁት እዚህ ነው።»

አቶ ሌዳሞ ክፉ ሰው አይደሉም። አያታቸውን የሚያውቁት አባታቸው በተረኩላቸው ልክ ነው። ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ «በሴቶች እርዳታ ቆፍረው አወጡ ቢባልስ? አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትጨመረው» አሉ።

ለእማማ ዱካሌ ተረጎምኩላቸው። «ማንንም አልረዳንም» አሉ እማማ ዱካሌ። «እሳቸው እዚህ አልነበሩም።»

ብሩሼን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩ። «እኔ ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጽፈው» አልኩ። «ሁላችሁም እዚሁ ቆማችሁ ንገሩኝ። የተባለውን መልሼ አነብላችኋለሁ። ያልተስማማ ካለ አሁን ይናገር፤ ሐሙስ ስልኬ ዝግ ነው።»

እስከ እኩለ ቀን ፈጀ። ሴቶቹ ይናገራሉ፣ እኔ በደብተሬ እጽፋለሁ፣ አነባለሁ፣ ያርማሉ። አቶ ሌዳሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ስሟ የተዘለለ የአንዲት ቆፋሪ ልጅ መጥታ የእናቷን ስም አስገባች። በመጨረሻ አቶ ሌዳሞ ተነሥተው ደብተሬን ተቀበሉኝና ለራሳቸው አነበቡት። «የአያቴ ስም ይውጣ» አሉ። ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ግን አሉት።

የደረቀ የዘይት ቀለም አኳራጅ በምንለው የቀለም ማቅጠኛ አይለቅም። ሰሌዳውን መልሼ አምጥቼ ረቡዕ ማታ ድረስ ፈገፈግኩት፣ ጸረ ዝገት ቀባሁት፣ ሐሙስ ነጩን መደብ ሰጠሁት፣ ዓርብ ጻፍኩት። ስልኬን የምር ዘጋሁ። የምንጩ ቆፋሪዎች ስም ዘጠኝ ሆነ። የጋዲሴ ከሁሉም ላይ ነው፤ ከሥሩ «በቁፋሮው ላይ ገደል ተንዶባት ሞተች» ይላል።

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ። ሌሎቹን ሰሌዳዎች ያነበበው የኮሚቴው ጸሐፊ ነው። ምንጩ ጋ ሲደርሱ አቶ ሌዳሞ ራሳቸው ወጥተው አነበቡ፤ መጀመሪያ በሲዳሙ አፎ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። እማማ ዱካሌ ከፊት ቆመው ነበር። የጋዲሴ ስም ሲጠራ አላለቀሱም፤ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕዝቡ ሲበተን ሰሌዳው አጠገብ ቀርተው ጋዲሴ የሚለውን ፊደል በፊደል እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። የመጀመሪያዋን «ጋ» በጣታቸው ተከትለው ሄዱባት።

በሳምንቱ አቶ ሌዳሞ ደወሉ። አያታቸው ድልድዩን ሳያሠሩ አይቀሩም፣ እዚያ ላይ ስማቸው ቢገባስ ብለው። መጀመሪያ ድልድዩ አጠገብ የሚኖሩትን ይጠይቁ አልኳቸው። እስካሁን መልሰው አልደወሉም።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። የቦታ ታሪክ ጻፉ ስትባሉ ማኅተሙን አትመኑ። ብሩሽ ከመንከራችሁ በፊት ጽሑፉን ይዛችሁ ቦታው ድረስ ሂዱና እዚያ ላገኛችሁት ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ንባቡ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ላሜራ ላይ የደረቀውን መፋቅና እንደገና መጻፍ ሦስት ቀን ይፈጃል።