የተገለበጠ ቀሚስ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ሽንዲ

ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ ያለቀስኩት በበርበሬው ነው ወይስ በሌላ ነገር? ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

ፍኖተ ሰላም፣ ገና ሳይነጋ

ጥር ነው፤ መብራት የለም። ነገ ሽንዲ አጠገብ፣ በአክስቴ በእቴቴ ጥሩወርቅ ቤት፣ የልጅ ልጃቸው ትዳራለች። ከፍኖተ ሰላም የተከራየነውን ቬሎ የማድረስ አደራ የእኔ ነው። በዳበሳ ለበስኩ። ነጠላዬን ጣል አደረግሁ። ቬሎው አቧራ እንዳይነካው በነጭ አንሶላ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ወጣሁ።

መናኸሪያው በር ላይ፣ ሰማዩ ሲገረጣ፣ ማጅራቴን የሆነ ነገር ኮረኮረኝ። ብዳስሰው የቀሚሴ ምልክት ነው፤ ያቺ የፋብሪካ ቁራጭ ጨርቅ፣ በውጭ በኩል። ጎንበስ ብል ስፌቱ ሁሉ ክሩን አንጨፍርሮ ወደ ዓለም ያያል። ቀሚሴን ገልብጬ ለብሼዋለሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈዋል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለአካለ መጠን ከደረስኩ በኋላ ነው። አንደኛ ክፍል ወገቤ ከማይደርሱ ልጆች ጋር ተቀምጬ፣ ቀሚሴ ከኋላ መተርተሩን ያወቅሁት ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ ነበር። ዛሬ መምህርት ነኝ፤ የማንንም ልጅ አራት ነጥብ ጎድሎ አላልፍም። ስለዚህ ነጠላዬን ሽቅብ ሳብኩና ጫፉን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። ምልክቷ ተሸፈነች፤ ስፌቱም ተሸፈነ።

ጫፉ ላይ ጥለት እንዳለ አላሰብኩም። በእኛ አገር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን አንገቷ ላይ ያወጣች ሴት ደግሞ ሐዘንተኛ ናት፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ማንኩሳ ሳንደርስ

ከአጠገቤ የተቀመጠችው ዘይነባ የምትባል የሽንዲ ገበያ የበርበሬ ነጋዴ ናት፤ ሻሿ የተስተካከለ፣ ድምፅዋ ከሾፌሩ ቴፕ የሚበልጥ። ጆንያዋ ከእግራችን ሥር ነው። መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ጆንያው ይተነፍሳል፤ እሱ በተነፈሰ ቁጥር የእኔ ዓይን ይፈሳል።

«እህቴ፣ ማን አረፈብሽ?» አለችኝ።

«ኧረ እኔ...» ማስነጠስ አቋረጠኝ። ደግሞ አስነጠሰኝ።

«በቃ አትናገሪ። አላህ ያጽናሽ። ወዴት ነሽ?»

«እቴቴ ጥሩወርቅ ዘንድ።»

«የሰርጉ ቤት? ዋይ! በሰርግ ዋዜማ!»

ሾፌሩ ዘፈኑን ቀጥ አደረገ። «ሐዘንተኛ ጭኜ ነው ለካ የምጨፍረው! ይቅር በዪኝ እትዬ።» ከዚያ በመስታወቱ እቅፌን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ዘይነባ፣ ያ መገነዣው ነው?»

«ዝም ብለህ ንዳ! ሌላ ምን ሊሆን?»

በዚህ ጊዜ አንሶላው ተከፍቶ የቬሎው ፈርጥ ብልጭ አለ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ባለጸጋ ናቸው የሞቱት» አሉ።

ያን ጊዜ አንገቴን ዳሰስኩ፤ ጥለቱን አገኘሁት፤ ሁሉም ገባኝ። ነጠላዬን ባስተካክል ቀሚሴ ይታያል። ከተገለበጠ ቀሚስና ከሌለ ሬሳ ምረጪ ብባል፣ ሬሳውን መረጥኩ።

ቡሬ፣ ረፋድ

ፍርፍሩ በቅቤ የራሰ፣ ሻዩ ቀረፋ ቀረፋ የሚል። የቁርስ ቤቱ ባለቤት ግን ሒሳብ አልቀበልም አለች። «ከሐዘንተኛ እጅ? እኔ ክርስቲያን አይደለሁም?»

ዕቅዴ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቀሚሱን መገልበጥ ነበር። ሐዘንተኛ ግን ብቻዋን አትተውም። ዘይነባ በቀኝ፣ የቁርስ ቤቱ ሴትዮ በግራ ብብቴን ይዘው አደረሱኝ። በሩ የማዳበሪያ ከረጢት መጋረጃ ነው፤ ያንንም ወድቄ እንዳልጎዳ ገልጠው ያዙልኝ። ሁለቱም እያዩኝ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ስንመለስ ዘይነባ ስልክ ደወለች። «አዎ፣ የጥሩወርቅ ዘመድ! መገነዣውንም ይዛለች! ለወንዱ ቤትም ንገሩ፣ ሳይሰሙ እንዳይጨፍሩ!»

ወደ ሽንዲ

የበቆሎው አገዳ ቆሟል፣ እሸቱ የለም። በየደጃፉ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ግቢው ሁሉ ቀይ ምንጣፍ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ጠንቅቄ እጽፈው ነበር። አሁን ግን «ማንም አልሞተም» የሚለውን እለማመዳለሁ። ያለ ስሕተት እጽፈዋለሁ፤ ከአፌ ግን አይወጣም። ዘይነባ እጄን ይዛለች። የሰው እጅ እንዲህ ረጅም መንገድ ይዞኝ አያውቅም። በርበሬው በዚህ ሰዓት ከኋላ ተጭኖ ነበር፤ ዓይኔ ግን አሁንም ይፈሳል።

ዳሱ

የሰርጉ ዳስ በባሕር ዛፍ ቅጠል አምሮ ቆሟል። ከበሮው ጥግ ተደፍቷል። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ ማንን እንደሚያለቅሱ እስኪነገራቸው ይጠብቃሉ። ሙሽራዋ በሩን ተደግፋ ታነባለች።

የወንዱ አባት አቶ ይስማው ከሽማግሎቻቸው ጋር ቀድመውኝ ደርሰዋል። «እንግዲህ ጥሩወርቅ፣ ሞት ካለ ሰርጉ ይቆየን እንጂ ምን ይደረጋል» አሉ። ዓይናቸው ግን ከተሰቀለው ሥጋ አልተነሣም። «ጠላው ይኮመጥጣል፣ በሬው ታርዷል... ፈቃዱ ነው።»

እቴቴ ወደ እኔ መጡ። ፊቴን አላዩም። ከአንገቴ እስከ ቀሚሴ ጫፍ ዓይናቸውን ቀስ ብለው አወረዱ፤ የታቀፍኩትንም አዩ።

«አያሌው ነው?» አሉ።

አያሌው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ሰሊጥ ሊያርም ሁመራ እንደ ወረደ የቀረ። ሬሳው አልተገኘ፣ መርዶ አልመጣ።

«እቴቴ፣ እኔ...»

«ወንድሜን! ወንድሜን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ዳሱ በአንድ አፍ ፈነዳ። ዘይነባ አያሌውን አይታው አታውቅም፤ «አያሌው ደጉ! አያሌው ቁመናው!» እያለች ከሁሉ በላይ አለቀሰች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲህ ሆነ።

ከዚያ እቴቴ ተነሡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ። «አቶ ይስማው፣ አያሌው ድግስ ሲፈርስ አይወድም ነበር። ለቅሶው ዛሬ ወጥቶለታል። ነገ ልጄን መጥተው ይውሰዱ።»

«እግዜር ያጥናዎት! እንዳሉ!» አሉ አቶ ይስማው፤ ከአስተዛዛኝ በማይጠበቅ ፍጥነት።

እቴቴ ክንዴን ይዘው ጓዳ አስገቡኝ። «በይ ልብስሽን አስተካክይ» ብለው በሩን ዘጉልኝ። ነጠላውን መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቬሎው በሙሽራዋ ልክ ሆነ። እልልታውን ያቀለጠችው ዘይነባ ናት።

ግሽ ዓባይ

ለዓመታት ዝም አልኩ። አጎቴን በቀሚስ ስፌት ምክንያት ገድዬዋለሁ ብሎ የሚጀምር ወሬ እንዴት ይወራል? ባለፈው ጥቅምት ግን ከእቴቴ ጋር ግሽ ዓባይ ጸበል ወረድን። ንጋት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሁለታችንም በውስጥ ልብስ ብቻ፣ ከሴቶች ሰልፍ መካከል ተጠጋግተን እንንቀጠቀጣለን። ማንም ማንንም አያይም፤ ወይም ሁሉም ሁሉን ያያል። አፌ ያኔ ተፈታ።

«እቴቴ፣ ያኔ ማንም አልሞተም ነበር። ቀሚሴ ተገልብጦብኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«ስፌቱ ከነጠላሽ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር። ደግሞስ መርዶ ነጋሪ ቬሎ ታቅፎ ይመጣል?»

«ታዲያ ለምን አለቀሱ?»

አንድ እርምጃ ወደ ጸበሉ ተጠጉ። «መርዶ ሳይመጣ ያለቀሰ ሟርተኛ ይባላል፣ ልጄ። ስንት ዘመን ቋጥሬው ኖርኩ። አንቺ አዘቅዝቀሽ ስትመጪ፣ ዳሱም ሰዉም ተዘጋጅቶ ሳይ፣ ዛሬ ካላለቀስኩለት መቼ ነው አልኩ።»

«ቢመጣስ?»

«ቢመጣማ» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ፤ ጥርሳቸው በብርድ ይንቀጫቀጫል። «አንቺ ታስረጂዋለሽ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ጸበሉ ወረደብን። ስንወጣ ቀሚሴን ከድንጋዩ ላይ አንሥተው አቀበሉኝ፤ ከማቀበላቸው በፊት ግን ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት።